እጀታውን ማን ጠመጠመው?

በእኛ አገር አያቱ ፈሪ የነበረ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ከስልሳ ዓመት በላይ ኖሬ፣ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከአንጋጫ እስከ አዲሎ ስንት ለቅሶ ደርሼ፣ ስንት ሠርግ ታድሜ፣ «የኔ አያት እንኳ ጦር መጣ ሲባል እንሰት ሥር ነበር የሚደበቀው» ብሎ እውነቱን የተናገረ አንድ ሰው አልሰማሁም። የሁሉም አያት ጀግና ነው። የሁሉም አያት አንበሳ ገድሏል። የጎረቤቴ የአቶ ኤርጫፎ አያትማ ሦስት ነው የገደሉት፤ ሦስተኛውን በባዶ እጃቸው። ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ ከሆነ የሚያወሩት አራተኛ አንበሳ ይጨመራል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ነገሩን በሙያዬ ሳየው አንድ ነገር አይገባኝም፤ ያ ሁሉ አንበሳ በዚህ በእንሰትና በገብስ አገር ምን እየበላ ይኖር ነበር?

ይሁን። ማስረጃ አምጡ ከተባለ ማስረጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጎራዴ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይወርዳል፣ ካፎቱ ይመዘዛል፣ ስለቱ በአውራ ጣት ይዳሰሳል፣ «ተመልከት፣ ይቺ ጉርብጥብጥ ያለችዋ የአጥንት ናት» ይባላል። እንግዳውም «አቤት!» ይላል። ምን ይበል ታዲያ? እኔም ስንት ጊዜ «አቤት!» ብያለሁ። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጎራዴ ሲያይ ስለ እጀታው የጠየቀ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጀግናው የጨበጠው እኮ እጀታውን ነው። ስለቱን ቢጨብጥ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

እኔም ብሆን ባለፈው ዓመት አጎቴ አባባ ላምቤቦ እስኪያስጠሩኝ ድረስ ስለ እጀታ አስቤ አላውቅም።

አባባ ላምቤቦ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የአባቶቻችን ቀዬ ላይ፣ ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ዘጠና ነበርኩ፤ አሁን ትቼዋለሁ» ነው የሚሉት። ስደርስ እሳት ዳር ተቀምጠው የአያቴን ጎራዴ ጭናቸው ላይ አጋድመው አገኘኋቸው። እጀታው ላይ ቀድሞ ጥብቅ ብሎ ተጠምጥሞ የነበረው፣ በጭስና በእጅ ወዝ የጠቆረው የሐረግ ልጥ ተበጣጥሶ ተንጠልጥሏል። እንጨቱ ለሁለት ተሰንጥቋል። ጎራዴውን አንስተው ሲያወዛውዙት ቅጭልጭል ይላል።

«ሰማኸው?» አሉኝ። «ይሄ የኔ ለቅሶ ድምፅ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲሞት ለቅሶው ሜዳ ላይ ጦሩና ጎራዴው ይወጣል። ከቤተሰቡ አንዱ ይዞት፣ የሟቹን ሥራ እየጠራ፣ በአየር ላይ እያወናጨፈ በለቀስተኛው መሐል ይዞራል። ሰው የሚያለቅሰው ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስማ ወሬ ነው የሚያወራው። ታዲያ ካቻምና የአቶ ኤርጫፎ አባት ሲሞቱ፣ ያ የሦስት አንበሳ ጎራዴ ወጣ። አቶ ኤርጫፎ ራሳቸው ይዘውት፣ ሁለተኛው አንበሳ ላይ ሲደርሱ ክንዳቸውን ወደ ላይ ወነጨፉ። እጀታው እጃቸው ውስጥ ቀረ። ስለቱ ግን በአናታችን ላይ በርሮ ሄዶ የዕድሩ ድንኳን ላይ ተሰካ። እግዜር ይመስገን ሰው አልነካም። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ አበቃ። ለቅሶ ላይ የመጣ ሳቅ ማባሪያ የለውም። አባባ ላምቤቦም እዚያው ነበሩ፤ የሟች ባልንጀራ ናቸውና ከፊት ነበር የተቀመጡት። ሁሉንም አይተዋል።

«ያን ያህል ዘመን ኖሮ፣ ያን ያህል ተከብሮ፣ በመጨረሻዋ ቀን ሳቁበት» አሉኝ። «እኔ መሞቱን አልፈራም። እንዳይስቁብኝ ነው። አንተ ከተማ ነህ፣ ተምረሃል፤ ይሄን ሳልሞት አስጠምጥመህ አምጣልኝ። ጨብጬ ልየው።»

ሽማግሌ እንዲህ ሲለምናችሁ ምን ትላላችሁ? ጎራዴውን በጋቢ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ «ጋሼ፣ እሱ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ጃንጥላ» አልኩት። በእኛ ዘመን ጎራዴ ይዞ መሳፈር ለማስረዳት ይከብዳል።

ሆሳዕና መናኸሪያው ጀርባ ሸምሱ የሚባል ወንበር ጠጋኝ አለ። እጀ ወርቅ ነው። ሆቴሎቻችን በረንዳ ላይ የደረደሯቸውን እነዚያን ቡናማ ጥልፍልፍ ወንበሮች አይታችኋል አይደል? ሻጮቹ «ራታን» ይሏቸዋል። እውነተኛው ራታን በሩቅ ምሥራቅ ጫካ ውስጥ ዛፍ ለዛፍ የሚሳብ ሐረግ ነው፤ ይሄን ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ። የእኛ ሆቴሎች ራታን ግን ፕላስቲክ ነው። ሲበጠስ ሸምሱ ነው የሚጠግነው። ጎራዴውን ገልጬ ሳሳየው ዓይኑ በራ፤ «ጋሼ፣ ይሄማ ራታን ነው!» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ይመስላል። ተሰንጥቆ፣ ተልጎ የተጠመጠመ የእኛው አገር ሐረግ ነው እንጂ መልኩ አንድ ነው። ሸምሱ እንጨቱን በማጣበቂያ ገጥሞ፣ ከተሰበረ ወንበር ክንድ ላይ ረጅም የፕላስቲክ ልጥ ፈትቶ፣ ጥርስ በማያስገባ ጥበብ ጠመጠመልኝ። «ዝናብ አይፈራ፣ ፀሐይ አይፈራ፣ ምስጥ አይበላው፤ ዕድሜ ልክ ነው» አለኝ። ደስ ብሎኝ መረቅኩት።

አባባ ላምቤቦ እጀታውን ጨበጡ። ላላ አደረጉ። እንደገና ጨበጡ። አሸተቱት። ከዚያ በጉጠት ፍም አነሱና ጠጋ አደረጉበት። ዕድሜ ልክ የተባለው ነገር ኩርምት ብሎ ተሸበሸበ፤ ቤቱ የተቃጠለ ጆንያ ሸተተ።

«ጎራዴዬን ወንበር አደረግኸው» አሉኝ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፍሙን ወደ እሳቱ መልሰው፣ «በመጀመሪያ የጠመጠመው ሀንካሞ ነበር» አሉ። «እንደሱ ያለ እጅ በዚህ አገር አልነበረም። እርጥቡን ሐረግ ይጠመጥመዋል፣ ሲደርቅ ራሱ ይነክሳል። ስንት ዘመን ያዘ መሰለህ! ሞቷል። ግን ለልጁ አስተምሮታል። ልጁ ዮሐንስ ይባላል፤ እንዳንተ አስተማሪ ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

እዚህ ላይ ቆም ልበልና አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚያለፉ፣ እንጨት የሚጠርቡ፣ ጎራዴና ጦር የሚጠመጥሙ ሰዎች ነበሩ። አሉም። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ባያውቀው ምን ይቀርበታል? ያለ እነሱ ቤታችን ምሰሶ፣ እህላችን ማሰሮ አይኖረውም ነበር። ታዲያ ወደ ቤት አይገቡም፤ ደጅ ይቀመጣሉ። በእኛ ዕቃ አይበሉም፤ ኮባ ቅጠል ላይ ይደረግላቸውና ቅጠሉ ይጣላል። እነሱ ቤት ሄዶ መብላትማ የሚታሰብ አልነበረም። «ያ ድሮ ቀረ» እንላለን አሁን። በስብሰባ ላይ ደግሞ ጮክ ብለን እንለዋለን። ለዚህም ነው ያንን ሥራ የሚያውቅ ሰው አውቃለሁ የማይለው፤ እጁን ካሳየ ዘሩን አሳየ ማለት ነው።

ከእኔ ጋር ያስተምር የነበረ ዮሐንስ የሚባል ሰው አለ። ሒሳብ ነበር የሚያስተምረው። ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች አስተምረናል። እሁድ እሁድ እዚያው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፤ ከአንድ ማዕድ እንቆርባለን። ጡረታ ከወጣን በኋላም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠን አውቶቡስ ሲወጣና ሲገባ እናያለን። «አባቴ ገበሬ ነበር» ይላል ሁልጊዜ። እኔም «ገበሬ ነበሩ» እላለሁ። የአባቱ ስም ማን እንደሆነ ታዲያ አላውቅም ነበር እንዴ? የደመወዝ መዝገብ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ከእኔ ስም በታች ነው የተጻፈው፤ ዮሐንስ ሀንካሞ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው።

በማግስቱ ሻይ ቤት ሄድኩ። ዮሐንስ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ደግሞ አቶ ኤርጫፎ አሉ። አስተዋይ ሰው ቢሆን ነገሩን ዋጥ አድርጎ፣ ለብቻው እስኪያገኘው ይጠብቅ ነበር። እኔ ግን የሽማግሌው ነገር ሆዴን እየበላኝ ነበርና፣ ደግሞም ያመሰገንኩት መስሎኝ፣ ወንበሬን ሳልስብ ጀመርኩ።

«ዮሐንስ፣ አባትህ ጎራዴ ሲጠመጥሙ እጃቸው ወደር የለውም ነበር አሉ። አንተንም አስተምረውሃል አሉ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አቶ ኤርጫፎ ብርጭቋቸውን አንስተው በውስጡ የሆነ ነገር የወደቀ ይመስል ማየት ጀመሩ። ከዚያ፣ እንዲያው በዋዛ፣ ወንበራቸውን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሳቡ። አንድ ስንዝር ናት። እኔ አየኋት፤ ዮሐንስም አያት።

«አባቴ ገበሬ ነበር» አለ ዮሐንስ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሻይ ቤት አልመጣም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እኔም ለራሴ «ምን አልኩ? ሙያ ነው ያልኩት!» እያልኩ ስከራከር ሰነበትኩ። ከራስ ጋር የሚደረግ ክርክር ላይ ማሸነፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላሸነፍኩም። አፍሬ ነበር፤ በደንብ አፍሬ ነበር። በዚህ መሐል ከቀዬ ስልክ ተደወለ። አባባ ላምቤቦ ተኝተዋል፤ ምግብ አይወስዱም። ሰው በመጣ በሄደ ቁጥር «ጎራዴዬ ተጠመጠመ ወይ?» ይላሉ።

ከዚህ ወዲያ ኩራት የለም። ጎራዴውን በጋቢ ጠቅልዬ ዮሐንስ ቤት ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ። አየኝ፣ ጋቢውን አየ፣ «ግባ» አለኝ። ባለቤቱ ወይዘሮ ማርታ ተቀበለችኝ። አጎቴ እየሞቱ እንደሆነ፣ የሚፈሩት ሞቱን ሳይሆን ሳቁን እንደሆነ፣ ሻይ ቤት ያልኩትንም ማለት እንዳልነበረብኝ ነገርኩት። ዮሐንስ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞሮ «ምሳ አቅርቢልን» አላት።

«የለም፣ የለም፤ ለምን ትለፋለች» አልኩ እኔ፤ «ታውቃለህ፣ ጨጓራዬ ነው …»

ስለ ጨጓራዬ አልነገርኳችሁም። ከባድ ጨጓራ አለብኝ። ዮሐንስ ቤት ሄጄ ምግብ በቀረበ ቁጥር ይነሳብኛል። ልጁ ክርስትና ስትነሳ ተነሳብኝ። ስትመረቅ ተነሳብኝ። በየመስቀሉ ይነሳብኛል። ሻይ ልጠጣ እችላለሁ፤ ምግብ ግን ሐኪም ከልክሎኛል። የትኛው ሐኪም እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም።

«ጨጓራህ የሚገርም ጨጓራ ነው» አለኝ ዮሐንስ፤ ድምፁን ሳያነሳ፣ ሰሌዳ ላይ ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው ቀስ ብሎ። «ሆቴል ክትፎ ስትበላ ይተኛል። አቶ ኤርጫፎ ቤት ጥሬ ሥጋ ስትበላ ይተኛል። ሃያ ሁለት ዓመት እኔ ቤት ሲደርስ ብቻ ነው የሚነቃው። ሒሳብ አስተማሪ መሆኔን ረስተኸዋል?»

ለካ ሲያሰላ ነው የኖረው። እኔ እኮ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ቢያንስ እንደዚያ ነበር የማስበው። ማንንም ሰድቤ አላውቅም። በስብሰባ ላይ ስለ እኩልነት ጥሩ ጥሩ ነገር ተናግሬአለሁ፤ ተጨብጭቦልኛል። በልጅነቴ ከእናቴ ወተት ጋር አብሬ የዋጥኩት ነገር ግን ጨጓራዬ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር፤ እኔም ስሙን ሕመም ብዬው ነው የኖርኩት። ወይዘሮ ማርታ ቆጮውን፣ ጎመኑን፣ አይቡን አቀረበች። እጄን ታጠብኩ። በላሁ። የመጀመሪያዋ ጉርሻ አልወርድ አለችኝ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ሁለተኛዋ ወረደች። በሦስተኛዋ ላይ አይቡ በጣም ጥሩ እንደሆነ ገባኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት እንዴት ያለ አይብ እንዳመለጠኝ ሳስብ እውነትም ጨጓራዬ ተላወሰ።

«ነገ በጠዋት ሐምባሪቾ ተራራ ግርጌ እንወርዳለን» አለኝ ዮሐንስ እጁን እየታጠበ። «ሐረጉ እዚያ ነው ያለው። ጫማህን ቀይር።»

ያን ቀን ያየሁትን ሰው ሃያ ሁለት ዓመት አላውቀውም ነበር። ከረቫት የማይለየው ዮሐንስ ሱሪውን ጠቅልሎ ጫካው ውስጥ ሲገባ፣ ሐረጉን እየዳሰሰ «ይሄ ገና ልጅ ነው፣ ይሄ አርጅቷል፣ ይሄ ጉጥ አለው» እያለ ሲመርጥ፣ በደንብ የሚያውቀው ሰፈር የገባ ነበር የሚመስለው። የቆረጠውን ሰብስቦ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው። በነጋታው የአባባ ላምቤቦ ቀዬ ደርሰን፣ የአጎቴ ልጅ ወንበር ይዞ ወጥቶ በረንዳው ላይ ሊያስቀምጠው ሲል፣ ከውስጥ የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

«ውስጥ! እዚህ፣ አጠገቤ!»

ዮሐንስ ገብቶ አልጋው ሥር ተቀመጠ። የሸምሱን ፕላስቲክ ቆርጦ ጣለው። ሐረጉን በቢላዋ ሰንጥቆ፣ እያንዳንዱን ልጥ ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ላገው። ጫፉን ከሥር አስገብቶ መጠምጠም ጀመረ፤ አንዱ ዙር ሌላውን እየነካ፣ ሳይደራረብ፣ ሳይራራቅ፣ በየዙሩ በአውራ ጣቱ እየገፋ። አባባ ላምቤቦ በጎናቸው ተኝተው እጁን ይከተላሉ።

«ወደ ግራ ነው የምትጠመጥመው» አሉት።

«አባቴ ግራኝ ነበር። እኔ ቀኝ ነኝ፤ ግን ሌላ መንገድ አላሳየኝም።»

ሽማግሌው «አባትህ ይሄን ሲሠራ ደጅ ነው ያስቀመጥኩት» አሉ። «ዝናብ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ዮሐንስ፤ ቀና አላለም። «ነግሮኛል።»

እኔ መስኮቱን አየሁ፤ የአጎቴ ልጅ እሳቱን ቆሰቆሰ። ዮሐንስ ግን ጥምጠማውን አላዘገየም፣ አላፈጠነም፤ ልክ እንደበፊቱ እያንዳንዱን ዙር በአውራ ጣቱ ይገፋል።

ሥራው ሲያልቅ ምሳ ደረሰ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። የአጎቴ ልጅ ሚስት የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ወጣት ናት፣ ጨዋ ናት፣ ትልቅ እንግዳ መጣ ብላ ጠዋቱን ሙሉ ጉድ ጉድ ስትል ነበር። ከተማ ውስጥ የባህል ምግብ ቤቶች ትልቅ ሰው ሲጋብዙ እንዴት እንደሚያቀርቡ ታውቃለች፤ በድርብ ዋጋ፣ በለምለም ኮባ ቅጠል ላይ ነው። እሷም ለእኛ በሰሃን፣ ለእንግዳው ለብቻው በታጠበ በሚያብለጨልጭ ኮባ ቅጠል ላይ፣ ቆጮውን በአንድ በኩል ክትፎውን በሌላ በኩል አሳምራ፣ በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ ዮሐንስ ፊት አስቀመጠች። ከማክበሯ ብዛት። «ብሉልኝ፣ ጋሼ» አለችው።

የዮሐንስ እጅ አየር ላይ ቀረ። ቅጠሉን ያያል፣ ሰሃኖቻችንን ያያል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ባልጠላሁ። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ «ጨው በዛ እንዴ?» አለች፣ ገና ሳይቀመስ። ማን ያስረዳታል? ከየት ተጀምሮ?

አባባ ላምቤቦ በሁለት ክርናቸው ተደግፈው ከአልጋቸው ተነሡ። ሦስት ቀን ሙሉ ቀና ብለው የማያውቁ ሰው እግራቸውን አወረዱ። እጃቸውን ዘርግተው ቅጠሉን ከዮሐንስ ፊት ወደ ራሳቸው ሳቡና ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ይሄ የኔ ነው» አሉ። «ለእሱ ሰሃን አምጪለት። የኔን ሰሃን።»

ልጅቷ ሮጣ የሽማግሌውን ሰሃን አመጣች። ዮሐንስ ሰሃኑን ተቀበለና አጠገቡ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ባዶውን። ከዚያ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግቶ፣ ከቅጠሉ ላይ ቆጮ ቆረሰ፣ ክትፎ ጠቀለለበት፣ ሽማግሌውን አጎረሳቸው። ሌላ ቆረሰ፣ ራሱ ጎረሰ። እንዲህ እየተፈራረቁ ጨረሱት። ስንት ቀን ምግብ እንቢ ያሉ ሰው ነበሩ። ልጅቷ «ወይኔ፣ ጣፈጣቸው!» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ አንገቴን ደፍቼ በሰሃኔ በላሁ፤ ለቅሶ ይሁን በርበሬ አፍንጫዬን አሳከከኝ።

ከምሳ በኋላ ጎራዴውን ሰጣቸው። አባባ ላምቤቦ ጨበጡት። ክንዳቸው ብዙም አልተነሣም፤ ግን አወዛወዙት። ቅጭልጭል አላለም። «አሁን ነከሰ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጎራዴው አልጠየቁም፤ ስድስት ቀን ቆይተው ሞቱ።

ለቅሶው ትልቅ ነበር። ጎራዴውን ይዤ የዞርኩት እኔ ነኝ። ድፍረት ይሁን ሐዘን አላውቅም፣ አቶ ኤርጫፎ ከወነጨፉት የበለጠ ነው የወነጨፍኩት፤ ፊት ያሉት ሰዎች አስቀድመው አንገታቸውን ሰብረው ነበር፣ ያለፈውን ስለማይረሱት። እጀታው ግን መዳፌን ነክሶ ያዘ። ማንም አልሳቀም። ሰው አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ጭብጤን ስፈታ የሐረጉ መስመር መዳፌ ላይ ታትሞ ነበር።

ከቀብር በኋላ ሰው ሲቀመጥ አቶ ኤርጫፎ ጎራዴውን ተቀብለው አገላበጡት። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለቱን ትተው እጀታውን አዩ።

«እጀታውን ማን ጠመጠመው?» አሉ ጮክ ብለው።

አዲስ አበባ ነው ያስጠመጠምኩት ልል አፌን ከፈትኩ። ለዮሐንስ ብዬ ነው፤ ስሙን እንዳላነሳ ብዬ። ወይም ለራሴ ብዬ። ግን ዮሐንስ ከኋላ ተነሣ፤ ከረቫቱን አስሯል።

«እኔ ነኝ» አለ። «አባቴ ሀንካሞ ነው ያስተማረኝ። ጎራዴ ጠምጣሚ ነበር።» ተቀመጠ። ያቺ የምታውቋት የአንድ ስንዝር ወንበር እዚህም እዚያም ስትንቀሳቀስ ተሰማኝ። ከአጠገቡ ግን የአባባ ላምቤቦ ምራት ተቀምጣ ነበር፤ እሷ ወደ እሱ ጠጋ አለች። እስከ ዛሬም ነገሩ ምን እንደሆነ በቅጡ የገባት አይመስለኝም።

በወሩ ሦስት ሰዎች በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ዮሐንስ በር ላይ ቆሙ፤ ሁሉም ለዓይን ሲይዝ፣ ሁሉም ዙሪያቸውን እያዩ። አያታቸው ጀግና ነው፣ ጎራዴው ተፈቷል፣ ሽማግሌ አላቸው። ዮሐንስ ለሦስቱም አንድ መልስ ሰጠ፤ «ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ በቀትር ኑ። መጀመሪያ ምሳ እንበላለን።» እኔም ተጠርቼ ነበር። ሁለቱ መጥተው፣ እያላባቸውም ቢሆን፣ በሉ። ጎራዴያቸው ተጠምጥሞላቸው ሄዱ።

ሦስተኛው አቶ ኤርጫፎ ነበሩ። እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። ቆጮው ቀረበ፣ አይቡ ቀረበ። አቶ ኤርጫፎ ሰሃኑን ብዙ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው፣ «ሰሞኑን እኮ ጨጓራዬ …» አሉ።

ዮሐንስ ቀስ ብሎ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ሦስት አንበሳ የገደሉ ሰው የልጅ ልጅ ናቸው፤ አንዱን በባዶ እጅ። ጎራዴያቸው እስከ ዛሬ እንደተፈታ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል። ብትሄዱ አውርደው ያሳዩዋችኋል፤ ብቻ ሲያወዛውዙት ራቅ ብላችሁ ቁሙ።